194,313፦ የዐቢይ ቀመር ቀናትና የድሬዳዋ ሦስት ዘመን አቆጣጠሮች



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሙሉ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 194,313 ነው። በብቸኛ ቁጥሮች ሲበተን 3 × 7 × 19 × 487 ይሆናል፤ ከዚህ ሌላ መበተኛ የለውም። ቁጥሩ በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር ተብሎ በሚጠራው የ532 ዓመት ዑደት ውስጥ ያሉት ቀናት ጠቅላላ ድምር ነው። 7 ከየት እንደ መጣ ማንም ይገምታል፤ ሳምንት ነው። 19ኙን ደግሞ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። 3 እና 487 ግን እንግዳ ይመስላሉ። ከየት እንደ መጡና ምን እንደሚሠሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚያም የሌሎቹን ሁለት አቆጣጠሮች ቁጥሮች ከጎኑ አቁሜ ሦስቱ ሲገናኙ የሚሆነውን አሳያለሁ፤ ሦስቱም በዚህች ከተማ በአንድ ጎዳና ላይ የሚኖሩ አቆጣጠሮች ናቸውና።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ስለ ባሕረ ሐሳብ በአገራችን ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ ወገን የካህናት ልማድ ነው፣ ከዘመናዊ ሒሳብ ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ወገን ዓለም ያልደረሰበት ምሥጢር ነው ብሎ ያገነዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚመሳሰሉበት ነገር ቢኖር ስሌቱን በእጃቸው አለመሥራታቸው ነው። ስሌቱን የሠራ ሰው ሁለቱንም አይልም። የቀሪ ሒሳብ መሆኑን፣ ጠንካራና ደካማ ጎን ያለው መሆኑን፣ ከእስክንድርያ ሊቃውንት የተወረሰና በግእዝ የዳበረ መሆኑን ያያል።

ከትንሹ እንጀምር። አራት ዓመት፣ ማለትም ከዘመነ ማቴዎስ እስከ ዘመነ ዮሐንስ ያለው አንድ ዙር፣ 1,461 ቀናት አሉት፤ ሦስቱ ዓመታት 365፣ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ 366። 1,461 በብቸኛ ቁጥሮች ሲበተን 3 × 487 ነው። እንግዲህ ሁለቱ እንግዶች የመጡት ከዚህ ነው። 1,461 ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ይህ ማለት አራት ዓመት በዞረ ቁጥር የመስከረም 1 ዕለት አምስት ቀን ወደ ፊት ይሄዳል ማለት ነው። 7 ብቸኛ ቁጥር ስለሆነና 5 የእርሱ ብዜት ስላልሆነ፣ ዕለቱ ወደ መነሻው የሚመለሰው ሰባት ዙር ሲሞላ ብቻ ነው። ሰባት ጊዜ አራት 28 ይሆናል። ሊቃውንቱ ዐውደ ፀሐይ የሚሉት ይህንኑ ነው። 7 ብቸኛ ባይሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ሳምንቱ አሥር ቀን ሆኖ ግፊቱ ያው አምስት ቀን ቢሆን፣ አምስት አምስት የሚዘለው ዕለት በሁለት ዙር ተመልሶ ዑደቱ ስምንት ዓመት ብቻ በሆነ ነበር።

አሁን ዕለቱን ራሱን እንፈልግ። በባሕረ ሐሳብ 5500 ዘመነ ብሉይ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ይደመራል፤ ድምሩ ዓመተ ዓለም ይባላል። ለ2018 ዓ.ም. 7518 ነው። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። ድርሻው መጠነ ራብዒት ነው፤ ቀሪው 2 ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ መሆኑን ይነግረናል። 7518 እና 1879 ሲደመሩ 9397 ይሆናሉ፤ ይህም ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ጥንተ ቀመር ማክሰኞ ስለሆነ ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሰኞ ነው። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ውሏል። መጠነ ራብዒት ለምን እንደሚደመር ብዙ ተማሪ አይጠይቅም። መልሱ ቀላል ነው፤ 365 ለ7 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ እያንዳንዱ ዓመት ዕለቱን በአንድ ይገፋል፤ በየአራት ዓመቱ የምትጨመረው ቀን ደግሞ ሌላ አንድ ትገፋለች። የመጀመሪያው ግፊት ዓመተ ዓለሙ ራሱ ነው፣ ሁለተኛው መጠነ ራብዒቱ ነው።

ወደ ጨረቃዋ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። የፀሐይ ዓመት 365፣ ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀናት ናቸው። ልዩነቱ 11 ነው፤ ጥንተ አበቅቴ የሚባለው ይህ ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲነሣለት ወንበር ይሆናል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ወንበሩ 18 ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለ2018፣ 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ወንበር 12 ነው። አበቅቴ 132 በ30 ተገድፎ 12፣ መጥቅዕ 228 በ30 ተገድፎ 18። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 ነው፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ። ስለዚህ በሒሳብ ዓይን መጥቅዕ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ30 ዓለም ውስጥ የአበቅቴ ተቃራኒ ነው። ሊቃውንቱ ለምን ሁለቱንም እንደያዙ ግን ይገባኛል። አንዱን በሌላው መፈተሽ ይቻላልና ነው፤ 30 ካልሞላ የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከ30 በታች ካሉት ቁጥሮች ከ30 ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስምንት ናቸው፦ 1፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29። ከእነዚህ ውስጥ በራሳቸው ሲባዙ በ30 ተገድፈው 1 የሚተርፋቸው አራት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 11፣ 19 እና 29። 11 በ11 ሲባዛ 121 ነው፤ አራት ጊዜ 30 ሲወጣለት 1 ይተርፋል። 19 በ19 ሲባዛ 361 ነው፤ ዐሥራ ሁለት ጊዜ 30 ሲወጣለት 1 ይተርፋል። ይህ ምን ይጠቅማል? ከወንበር ወደ አበቅቴ የሚወስደው ማባዣ ከአበቅቴ ወደ ወንበር የሚመልሰውም እርሱ ራሱ ነው ማለት ነው። አበቅቴ 12 ከሆነ 12 በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ተገድፎ 12፤ ወንበሩ ተገኘ። አበቅቴ 1 ከሆነ ወንበሩ 11 ነው፤ 2017 ዓ.ም. እንዲያ ነበር። የመሄጃውና የመመለሻው መንገድ አንድ መሆኑን የቀመሩ ሥራ ፈጣሪዎች ያቀዱት አይመስለኝም። ሰማዩ 11ን ሰጣቸው፤ የቀረው የ30 ባሕርይ ነው።

19ኙስ ለምን ተመረጠ? 19 ዓመት 235 የጨረቃ ወራትን ለመያዝ በጣም ስለሚቀርብ ነው። ይህ ከክርስትና በፊት በባቢሎንና በግሪክ ይታወቅ ነበር፤ የአቴናው ሜቶን ስም ከእርሱ ጋር ይነሣል። 11 በ19 ሲባዛ 209 ነው፤ ሰባት ጊዜ 30 ለመሙላት አንድ ይጎድለዋል። ስለዚህ የወንበር 18 አበቅቴ 18 ሆኖ ሳለ፣ የሚቀጥለው ዓመት አበቅቴ 29 መሆን ሲገባው 30፣ ማለትም ባዶ ይሆናል። ጨረቃዋ በዚያ ዓመት 11 ሳይሆን 12 ትዘላለች። ላቲኖቹ ‹የጨረቃ ዝላይ› የሚል ስም ሰጥተውታል። ይህች አንዲት የተሰረቀች ቀን ባትኖር ዑደቱ አይዘጋም ነበር።

28 እና 19 የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ ጨረቃውም በአንድነት ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ28 × 19 = 532 ዓመት ነው። 532 ዓመት 133 ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ 133 በ1,461 ሲባዛ 194,313። ይህ ለ7 ሲካፈል በትክክል 27,759 ሳምንታት ይሆናል። 27,759 ደግሞ ማዕከላዊ ቀመር በሚባለው የ76 ዓመት ዑደት ውስጥ ያሉት ቀናት ቁጥር ነው። እንግዲህ ማዕከላዊው ቀመር በቀናት የሆነውን ዐቢዩ ቀመር በሳምንታት ሆነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 532 ሰባት ጊዜ 76 ነው። ቢሆንም ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

የ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ እንዴት እንደሚወጣ በአጭሩ ላሳይ። መጥቅዕ 18 ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 ላይ ሲደመር መባጃ ሐመር 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። የትንሣኤ ተውሳክ 69 ቀን ስለሆነ በዓሉ ሚያዝያ 4 ይውላል። 532 ዓመት ወደ ኋላ ስንሄድ 1486 ዓ.ም. ላይ፣ የዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ግድም፣ ያው ዘመነ ማርቆስ፣ ያው ሐሙስ፣ ያው አበቅቴ 12፣ ያው ሚያዝያ 4 እናገኛለን።

ለታሪክ ተማሪዎች ከዚህ የሚወጣው ጥያቄ ተገላቢጦሹ ነው። ከጥንታውያን የብራና መጻሕፍት በአንዳንዶቹ ጸሐፊው ዘመኑን ሲያስታውስ ሙሉውን ዓመተ ዓለም አይጽፍም። ወንጌላዊውን፣ አበቅቴውን፣ ዕለቱን ይጽፋል። ዓመተ ምሕረት ብሎ ቁጥር ሲጽፍ እንኳ ዛሬ የምንጠቀምበትን ዘመን ሳይሆን በ532ቱ ውስጥ ያለውን ተራ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ፤ ይህን ያልተጠነቀቀ አንባቢ መጽሐፉን ከዘመኑ አውጥቶ ሌላ ዘመን ላይ ያስቀምጠዋል። ታዲያ ከቀሪዎቹ ብቻ ዓመቱን ማግኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያለውን ተራ ብቻ። መሣሪያው በዓለም ሒሳብ የቻይና ቀሪዎች ቴዎረም የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ከቻይናዊው ሱን ዙ መጽሐፍ ነው፤ ቺን ጂዩሻኦ በ1247 እ.ኤ.አ. አጠቃላይ ዘዴውን አቀረበ። ጋውስ በ1801 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቁጥር ጥናት መጽሐፉ ውስጥ ይህንኑ ሲያስረዳ የመረጠው ምሳሌ የዘመን ቆጠራ መሆኑ አያስገርምም። እርሱም 28ን እና 19ን ወስዶ የሮማውያንን የ15 ዓመት ዑደት ጨመረባቸው።

በእኛ ቁጥሮች እንዲህ ይሠራል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈውን ሀ፣ ለ28 ሲካፈል የሚተርፈውን ለ እንበል። 57 ለ28 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ለ19 ሲካፈል ግን ምንም አይተርፍም። 56 ለ28 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለ19 ሲካፈል ግን አንድ ጎድሎት 57 ሊሆን የነበረ ነው። ስለዚህ 57 ጊዜ ለ ሲቀነስ 56 ጊዜ ሀ፣ በ532 ተገድፎ፣ በዐቢይ ቀመር ውስጥ ያለውን ተራ ይሰጣል። ሌላ ነገር አያስፈልግም። ለ2018 ሀ 13፣ ለ 14 ነው፤ 57 በ14 ሲባዛ 798፣ 56 በ13 ሲባዛ 728፣ ልዩነቱ 70። ከ14 ዐቢይ ቀመሮች ማለትም ከ7448 ጋር ሲደመር 7518 ይመጣል።

ጸሐፊው ግን ለ28 የሚተርፈውን አይነግረንም፤ ወንጌላዊውንና ዕለቱን ነው የሚነግረን። ከእነዚህም ይወጣል። የዕለቱን ቀሪ ወስደን የወንጌላዊውን ቀሪ እንቀንስበታለን፤ ውጤቱን በ3 አባዝተን በ7 እንገድፈዋለን፤ የተገኘውን በ4 አባዝተን የወንጌላዊውን ቀሪ እንመልስበታለን። በ3 የምናባዛው ቀደም ብሎ ያየነውን የአምስት ቀን ግፊት ለመፍታት ነው፤ 3 ጊዜ 5 ዐሥራ አምስት ነውና፣ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል።

አንድ ምሳሌ ሠርተን እንይ። ዘመነ ሉቃስ፣ መስከረም 1 ዓርብ፣ አበቅቴ 23 ተብሎ ተጽፎ አገኘን እንበል። ሉቃስ 3፣ ዓርብ 4 ነው፤ ልዩነቱ 1፣ በ3 ሲባዛ 3፣ በ4 ሲባዛ 12፣ 3 ሲመለስበት 15። አበቅቴው 23 በ11 ሲባዛ 253፣ በ30 ተገድፎ 13፤ ወንበር 13 ስለሆነ ሀ 14 ነው። 57 በ15 ሲባዛ 855፣ 56 በ14 ሲባዛ 784፣ ልዩነቱ 71። ስለዚህ ዓመቱ 2019 ወይም 1487 ወይም 955 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ኋላም ይቀጥላል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ሒሳብ አይነግረንም። የንጉሥ ስም፣ የጳጳስ ስም፣ የብራናው የፊደል አጣጣል ይነግረናል። የታሪክ ባለሙያውና የሒሳብ ባለሙያው ሥራ የሚከፈለው በዚህ መስመር ላይ ነው፤ መስመሩን አንዱ ሲሻገረው ነው ጭቅጭቅ የሚነሣው።

ሌላም ጥቅም አለ። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ስለሆነ ከሠላሳው ቁጥሮች አበቅቴ መሆን የሚችሉት ዐሥራ ዘጠኙ ናቸው። አንድ ጽሑፍ አበቅቴ 5 ቢል፣ 55 በ30 ተገድፎ 25 ይሆናል፤ ወንበር 25 የለም። ጸሐፊው ወይም ገልባጩ ተሳስቷል፤ አለዚያም አንባቢው ፊደሉን በትክክል አላነበበውም። የግእዝ አኃዝ በደበዘዘ ብራና ላይ ሲነበብ እንዲህ ያለ ፈተና ዋጋው ብዙ ነው።

የታሪኩን ምንጭ በተመለከተ ጠንቃቃ መሆን ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጣል። የ532 ዓመቱን ዑደት በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ግድም የኖረው የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ተጠቅሞበታል፤ በምዕራብ ደግሞ ቪክቶሪዩስ በ457 እ.ኤ.አ. ሠንጠረዡን አዘጋጀ። ምዕራባውያን በ1582 እ.ኤ.አ. ሲተዉት እኛ ጠብቀን አቆየነው፤ ከሠንጠረዥም አውጥተን በቃል የሚያዝ ስሌት አደረግነው። ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ ያሳተመው ጥናት የግእዝ ምንጮቹ የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ምን ያህል በታማኝነት እንደያዙ ያሳያል። ይህ ክብር አይበቃም የሚል ካለ እኔ አልስማማም። በነገራችን ላይ ዘመነ ሰማዕታት ከመጀመሩ በፊት ያለፈው ዓመተ ዓለም 5776 ነው፤ ይህም 76 በ76 ነው። በ19 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል የመጀመሪያው የሰማዕታት ዓመት ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ‹አሐደ አእትት ለዘመን› የሚለው ትእዛዝ፣ አንድ የመቀነሱ ነገር፣ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሙሉ ካሬ መሆኑ ግን ድንገተኛ ግጥምጥም ነው፤ ምሥጢር አትፈልጉበት።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የአውሮፓን አቆጣጠር ይዞ መጣ፤ የኩባንያው ሥራ በፈረንሳይኛ ነበርና። የከተማው ነጋዴና የሐረር አጎራባቹ በሂጅራ ይቆጥር ነበር፤ የመንግሥቱ ሹምና ካህኑ በዓመተ ምሕረት። ከከዚራ ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ የገባ ሰው ሦስት ዘመን ይሻገራል ማለት ነው። ዛሬም የሱቅ ግድግዳ ላይ ሦስቱንም በአንድ ገጽ ያሳተመ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ታያላችሁ።

በሒሳብ የሚሠራው የሂጅራ ሰሌዳ 30 ዓመት ዑደት አለው፤ 19ኙ ዓመታት 354፣ 11ዱ 355 ቀናት ናቸው። ድምሩ 10,631 ነው። ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው። እስከ 103 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሞክራችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ የ10,631 ካሬ ሥር ከ103 ትንሽ ብቻ ስለሚበልጥ ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም። ሳምንቱም አብሮ እንዲመለስ ሰባት ጊዜ መዞር አለበት፤ 210 የሂጅራ ዓመት። (19 እና 11 እዚህም ብቅ ማለታቸውን ያስተዋለ ተማሪ ይኖራል። እዚህ ግን ሥራቸው ሌላ ነው።)

የግሪጎርያን አቆጣጠር ዑደት 400 ዓመት፣ 146,097 ቀናት ነው፤ በብቸኛ ቁጥሮች 3 × 3 × 3 × 7 × 773። ሳምንቱን በራሱ ስለያዘ በየ400 ዓመቱ ዕለቶቹ ይደገማሉ። የበዓለ ፋሲካው ዑደት ግን 5,700,000 ዓመት ነው። የ1582ቱ ተሐድሶ ሰማዩን በተሻለ ለመከተል ሲል የቁጥሮቹን ቀላልነት ሠዋ። የእኛ 532 በአንድ ሰው ጭንቅላት ይያዛል፤ ዋጋው ደግሞ ሌላ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት በእኛ ሒሳብ 6,939.75 ቀን ሲሆን 235 የእውነተኛ ጨረቃ ወራት 6,939.69 ቀን ገደማ ናቸው። ልዩነቱ ኢምንት ቢመስልም በ308 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሞላል። የፀሐይ ዓመቱ ስህተት ከዚያ ይፈጥናል፤ በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን። ይህን መናገር ቀመሩን መንቀፍ አይደለም። ቀመሩ ራሱ ለሰጠው ጥያቄ በትክክል ይመልሳል፤ ሰማዩ ነው የተለየ ቁጥር የያዘው።

የሁለት ዑደቶች ግንኙነት የሚወሰነው በጋራ አካፋያቸው ነው። 194,313 እና 146,097 ታላቁ የጋራ አካፋያቸው 21 ነው፤ 3 ጊዜ 7። 7ቱ ትርጉም አለው፤ ሁለቱም ሰኞን ሰኞ ስለሚሉ ነው። 3ቱ ግን ምንም ትርጉም የለውም። 1,461 በ3 መካፈሉና 146,097 በ3 መካፈሉ የቁጥሮቹ የግል ጉዳይ ነው። ሆኖም ውጤት አለው፤ የአንዱን ዑደት ማንኛውንም ቀን ከሌላው ማንኛውም ቀን ጋር ብናጣምር ከ21 ጥንዶች አንዱ ብቻ ነው በእውነት ሊደርስ የሚችለው። በአንጻሩ 10,631 ብቸኛ በመሆኑ ከ194,313 ጋር የሚጋራው ነገር የለም። ስለዚህ በሰሌዳው መሠረት የሂጅራ ዑደት እያንዳንዱ ቀን ከዐቢይ ቀመር እያንዳንዱ ቀን ጋር አንድ ጊዜ ይገናኛል። የማይገጣጠም በዓል የለም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ሲገቡ የከተማው ሰው የዘመኑ ልዩ ምልክት አድርጎ ያወራ ነበር። ከሒሳቡ አንጻር ግን የሚያስገርመው ፈጽሞ ባይገናኙ ነበር።

ሦስቱን አንድ ላይ ስናስኬድ ትንሹ የጋራ ብዜት 14,371,363,636,371 ቀናት ይሆናል፦ 3 × 3 × 3 × 7 × 19 × 487 × 773 × 10,631። በእኛ አቆጣጠር 39,346,649,244 ዓመት። ጽንፈ ዓለሙ ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። በሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዛሬ ገጽ፣ ሦስቱም ዓምዶች ከነዑደታቸው እንዳሉ ሆነው፣ ተመልሶ ለመምጣት ከጽንፈ ዓለሙ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተኩል በላይ ይፈልጋል።

ይህ ቁጥር ስለ ሰማይ ምንም አይነግረንም። ምድር በራሷ ዛቢያ የምትዞርበት ፍጥነት እየቀነሰ ስለሆነ የቀን ርዝመት በመቶ ዓመት ወደ ሁለት ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨምራል፤ ከቢሊዮን ዓመታት በኋላ ‹ቀን› የሚለው ቃል ራሱ ሌላ መጠን ይሆናል። ፀሐይም አምስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው የቀራት። 14,371,363,636,371 የደንቦቹ ባሕርይ ነው፤ ሦስት የሰው ልጅ ማኅበረሰቦች የጻፏቸው ደንቦች አብረው ሲሠሩ የሚወልዱት። ሒሳባዊ እውነትነቱ ፍጹም ነው፤ ሥነ ፈለካዊ ትርጉሙ ባዶ ነው። ተማሪዎቼ ሁለቱን እንዲለዩ ዘወትር እወተውታለሁ።

የ7ቱ የጋራ መሆን ግን በሥራ ላይ ይጠቅማል። በዚህ አካባቢ የቆየ የሽያጭ ውል ወይም ደብዳቤ በሂጅራ ተጽፎ ስታገኙ፣ ዒድም ሆነ የወር መባቻ የሚወሰነው ጨረቃ በመታየቷ ስለሆነ ከሰሌዳው ጋር አንድ ቀን ሊለያይ ይችላል። የሳምንቱ ዕለት አብሮ ከተጻፈ ግን ጉዳዩ ያልቃል፤ በስሌት ያገኛችሁት ማክሰኞ ሆኖ ሰነዱ ረቡዕ ካለ ሰነዱን እመኑ፣ ቀኑን በአንድ ግፉ። ሳምንት በሦስቱም አቆጣጠሮች ሳይቋረጥ የሚሄድ ብቸኛው ክር ነው። ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም የምትገቡ ተማሪዎችም ቀን ቀያሪ ስትጽፉ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህንኑ ይሁን።

ወደ ብራናው ልመለስና ላብቃ። አበቅቴ ብቻ የተጻፈ እንደሆነ ከ532ቱ ዓመታት 28ቱ ይቀራሉ። ወንጌላዊው ሲጨመር ሰባት ይቀራሉ። የመስከረም 1 ዕለት ሲጨመር አንድ። ለመልመጃ የምሰጣችሁ ይህ ነው፦ ዘመነ ማርቆስ፣ መስከረም 1 እሑድ፣ አበቅቴ 4። ከመልሶቹ አንዱ ዘመነ መሳፍንት ላይ ይወድቃል፤ ከእርሱ የቀደመው ዐፄ ውድም አርአድ በነገሡበት ዘመን። የትኛውን እንደምትመርጡና ለመምረጥ ከብራናው ላይ ሌላ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ጽፋችሁ አምጡልኝ።